ሒሳብን በግንባታ ቦታ ማስተማር፦ አንድ ግድግዳ ስንት ብሎኬት ይፈጃል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የመኖሪያ ቤት ግንባታ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሠፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ሁለቱ ሥራዎቼ አንድ ናቸው ብዬ ስለማምን ነው። ክፍልፋይ፣ ጥምርታ፣ መቶኛ፣ ስፋት፣ ይዘት፣ የፓይታጎረስ ቲዎረም፣ በአጠቃላይ ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለን ልጅ የሚያስጨንቀው ሒሳብ አብዛኛው ከመሠረት ቁፋሮ እስከ ቆርቆሮ ማልበስ ባለው ሥራ ውስጥ ይገኛል። ደብተሩ ላይ የአራት ማዕዘንን ስፋት በአንድ መስመር የሚያወጣ ልጅ ግድግዳ ፊት ሲቆም ግን ዝም ይላል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ግድግዳ አለ። በውስጡ 0.90 በ2.10 የሆነ በርና 1.50 በ1.20 የሆነ መስኮት ይገባበታል። የብሎኬቱ ፊት 40 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። ስንት ብሎኬት እንግዛ? በዚያውም ለልጆች የሚጠቅም ሌላ የግንባታ ጥያቄ ያለው እንዲያካፍለን ጠየቅሁ። የመጣውን ሁሉ፣ የተቆጣውንም የተረጋጋውንም፣ በተራ ቁጥሩ እነሆ።

1ኛ ምላሽ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ከ16.80 ካሬ ሜትር ላይ ለበሩ 1.89፣ ለመስኮቱ 1.80 ቀንሶ 13.11 አገኘ። አንዱ ብሎኬት 0.08 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን አካፍሎ 163.875 ላይ ደረሰና 164 ብሎ ዘጋው። ብሎኬት በክፍልፋይ ስለማይሸጥ ምንጊዜም ወደ ላይ እንደሚጠጋጋ ማስረዳቱን ወድጄለታለሁ።

2ኛ ምላሽ። ቀጥለው የጻፉት ረጅም ዘመን የሠሩ ግንበኛ ናቸው። ልጁን አመስግነው፣ የቀረውን በትሕትና አመለከቱት። ብሎኬት በብሎኬት ላይ በደረቁ አይቀመጥም፤ በመካከሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞርታር ይገባል። ስለዚህ አንዱ ብሎኬት ግድግዳው ላይ የሚይዘው 41 በ21፣ ማለትም 0.0861 ካሬ ሜትር ነው፤ ቁጥሩም ወደ 153 ይወርዳል። ይህን ካሉ በኋላ ግን እርሳቸው ራሳቸው 153 ብለው አዝዘው እንደማያውቁ ጻፉ። ካሬውን በ13 አባዝተው 171 ያስመጣሉ። 13ን የነገሯቸው ሙያውን ያስተማሯቸው አለቃቸው ናቸው፤ ከየት እንደመጣ ግን አልነገሯቸውም።

3ኛ ምላሽ። የሒሳብ መምህርት ናት። የልጁን 164 እና የግንበኛውን 171 ይዛ ሁለቱን አገናኘቻቸው። ሞርታሩን ብንተወው ለአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ይፈልጋል። በጭነትና በመቁረጥ ለሚሰበረው 5 በመቶ ብንጨምርበት 13.125 ይሆናል። የአለቃቸው 13 እንግዲህ የልማድ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ስሌት አለው። መምህርቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ልጆቹ 13ን ተቀብለው እንዳያባዙ፣ ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙት። ከእኔ በኩል ሙሉ ስምምነት አለ።

4ኛ ምላሽ። ስለ ደኅንነት ነው። ጸሐፊው ልጅን ሚስማርና ፌሮ ወደተበተነበት ቦታ መውሰድ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ መሆኑን ጠንከር ባለ ቃል ጽፈዋል። ልክ ናቸው። ሥራ በቆመበት ሰዓት፣ በመሬት ላይ ብቻ፣ ጫማና የራስ ቁር አድርገው፣ ከአዋቂ ጋር፤ ሶለታ ላይ መውጣት የለም። 

5ኛ ምላሽ። ከክሩ ሁሉ ብዙ ያስተማረን ይህ ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ ነው፤ ግድግዳው ብቻውን አይቆምም በማለት ጀመረ። 6 ሜትሩ የተለካው ከምሰሶ መሐል እስከ ምሰሶ መሐል ከሆነ፣ ምሰሶዎቹም 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካላቸው፣ ግንበኛው የሚሞላው ክፍተት 5.70 ሜትር ብቻ ነው። በፕላን ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የመሐል ለመሐል ልክ ስለሆነ፣ ይህን ያልለየ ሰው ገና ከመጀመሪያው መስመር ይስታል።

ከዚያ ወደ ማካፈል ገባ። ክፍተቱ 6 ሜትር ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ረድፍ 14 ሙሉ ብሎኬት ከነሞርታሩ ተደርድሮ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁራጭ የሚፈልግ ቦታ ይቀራል። ከአንድ ብሎኬት ላይ 24 ሲቆረጥ የሚተርፈው 16 ነው፤ እሱ ደግሞ ለግማሽ እንኳ አይበቃም፣ ይጣላል። 13 ረድፍ ካለ 13 ጊዜ ይጣላል። በ5.70 ግን 14 ብሎኬት 5.60 ይይዛል፤ የቀረው 10 ሴንቲ ሜትር ለ15 መጋጠሚያ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 0.67 ይደርሰዋል፣ ለሞርታር ይበቃል። ረድፎቹ እንዲቆላለፉ ቀጣዩ ረድፍ በግማሽ ብሎኬት ጀምሮ በግማሽ ይጨርሳል፤ 13 ሙሉና 2 ግማሽ፣ ያው 5.60። አንድም ብሎኬት ያለ ጥቅም አይቆረጥም። ስፋቱም 12.27 ካሬ ሜትር ስለሚሆን በ13 ሲባዛ 160 ብሎኬት ይበቃል። በ171 እና በ160 መካከል ያለው 11 ብሎኬት የአንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ልጆች ቀሪ ያለው ማካፈልን የሚማሩት በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ነው፤ ቀሪው ለምን እንደሚጠቅም ግን ማንም አያሳያቸውም። እዚህ ቀሪው ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቆ ይታያል።

6ኛ ምላሽ። ግንበኛው ተመልሰው በመሐንዲሱ ስሌት መደሰታቸውን ገለጹ፤ አንድ ነገርም አከሉ። እርሳቸው ይህን በቁጥር ሳይሆን በደረቅ ድርደራ ነው የሚያውቁት፦ የመጀመሪያውን ረድፍ ያለ ሞርታር ደርድረው፣ ላንሳ (የመስመር ሲባጎ) ወጥረው፣ ክፍተቱን በዓይናቸው አከፋፍለው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ልጆቹ መጀመሪያ በእጃቸው እንዲደረድሩ፣ ቀጥለው እንዲያሰሉ መከሩ።

7ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ውይይቱ ከመስመሩ ወጣ። ጸሐፊው በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሶ፣ አገር እንዲህ ባለ ችግር ላይ ሳለች ብሎኬት መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው ሲል ተቆጣ።

8ኛ ምላሽ። የተማሪው ቁጣ የባሰ ነበር። ያ ውጤት የሁሉም ትምህርቶች ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አለመሆኑን፣ የወደቀውን ልጅ መልሶ መቁጠርም እንደማያስተምረው ነገረው። ሁለቱ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ ለክሩ የሚጠቅም ነገር ስላልነበረው አልፌዋለሁ።

9ኛ ምላሽ። ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ፣ በአናጺነት የሚሠራ ወንድማችን ነው። እዚያ ቤት የሚለካው በጫማና በኢንች ስለሆነ ክፍልፋይን እንደገና ከሀ ሁ እንደተማረ አጫወተን። የ7 ኢንች ከ3/8 ግማሽ ስንት ነው ሲባል መልሱ 3 ከ11/16 ነው፤ ካልኩሌተር ሳይነካ፣ መሰላል ላይ ቆሞ መመለስ አለበት። የአሜሪካ መለኪያ ሜትር ላይ በየ19.2 ኢንቹ ትንሽ ጥቁር አልማዝ የመሰለ ምልክት አለ። ለብዙ ጊዜ ትርጉሙ አልገባውም ነበር። የኮምፔርሳቶው (የተነባበረው ጣውላ) ርዝመት 96 ኢንች ነው፤ ተሸካሚ እንጨቶቹ በየ16 ሲቀመጡ 6 ቦታ፣ በየ24 ሲቀመጡ 4 ቦታ ይከፈላል። 5 ቦታ መክፈል ሲፈለግ 96ን ለ5፣ ያው 19.2። ሦስቱም የሚመጡት 96ን እኩል ከመክፈል ነው።

የቤት ማዕዘን ለማውጣትም በሁለቱም አገር የሚሠራው አንድ ዘዴ መሆኑን ጻፈ፦ በአንዱ ጎን 3፣ በሌላው 4 ለክቶ በመካከላቸው 5 ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ሁለቱን ሰያፎች ለክቶ እኩል ከሆኑ ቤቱ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ነው ሲል ደመደመ።

10ኛ ምላሽ። መሐንዲሱ 3፣ 4፣ 5 ለቤት አጭር መሆኑን አመለከተ። ባለ 5 ሜትሩ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሳት 12 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ጫፉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዞራል። በ6፣ 8፣ 10 ተለክቶ ያው 2 ሴንቲ ሜትር ቢሳት ግን መዞሩ ወደ 5 ይወርዳል። ቦታው ከፈቀደ ትልቁን ሦስት ማዕዘን ውሰዱ አለ።

11ኛ ምላሽ። መምህርቷ የ9ኛውን መደምደሚያ ያለ ማለሳለስ አረመችው። የሰያፎች እኩልነት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሁለቱ ተዳፋት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ትራፒዚየምም ሰያፎቹ እኩል ናቸው። ቀድሞ ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል መሆናቸው መለካት አለበት። 10 በ12 ለሆነ ቤት ደግሞ ሰያፉ የ244 ስኩዌር ሩት፣ 15.62 ሜትር ነው፤ ሁለቱም ሰያፍ በዚህ ልክ ከመጡ ልቡ ይረጋ። አጻጻፏ ቆጣ ያለ ቢሆንም እርማቱ ተገቢ ነው። ባለቤቱ ተጣሞ የተጣለ መሠረት ላይ ሴራሚክ ሲያስነጥፍ ነው ዋጋውን የሚከፍለው።

12ኛ ምላሽ። ቤት እያሠራች ያለች እናት ናት። 16 ሜትር ኩብ የተባለ አንድ ቢያጆ (አንድ የመኪና ጭነት) አሸዋ መጣላት። ሾፌሩ ከመገልበጡ በፊት ከ13 ዓመት ልጇ ጋር ለኩት። የጭነት ሳጥኑ ውስጡ 5.40 በ2.30፣ ከንፈሩ ድረስ 1.30 ነው፤ ሞልቶ ቢሆን በእርግጥ 16 ሜትር ኩብ ይይዛል። አሸዋው ግን በአማካይ ከከንፈሩ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ልጅቷ በ1.05 አባዝታ 13.04 አወጣች። ከተባለው ወደ 19 በመቶ የጎደለ ነው። እናትየው በ13 ከፈለች፤ ክርክር ነበረ፣ ቁጥሩ ግን ተጽፎ ስለታየ አልረዘመም። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ የይዘት ጥያቄ እንደማትፈራ ጽፋለች፤ እኔም አምናለሁ።

13ኛ ምላሽ። አሸዋ የሚያመላልስ ሾፌር ነኝ ያለ ሰው ክፉኛ ተቆጥቶ ገባ። አሸዋ ሲጫን ሞልቶ፣ መንገድ ላይ በመንገጫገጭ ተረግጦ እንደሚወርድ፣ ይህን የማያውቅ ሰው የሠራተኛውን ሁሉ ስም ማጥፋት እንደሌለበት ጻፈ። ቃሉ ከባድ ነበር፤ አሸዋ ግን በእርግጥ ይረገጣል። ገዢው የሚከፍለው በደረሰው ነው ወይስ በተጫነው የሚለውን ከመገልበጥ በፊት መስማማት ያስፈልጋል።

14ኛ ምላሽ። በግንባታ ዕቃዎች ላቦራቶሪ የሚሠራ ባለሙያ ለሁለቱም የሚሆን ነገር አመጣ። እርጥብ አሸዋ ከደረቁ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በቅንጣቶቹ ዙሪያ ያለው ስስ ውሃ አራርቆ ስለሚይዛቸው በ5 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዘቱ እስከ ሩብ ድረስ ሊያብጥ ይችላል። ማረጋገጫው ቤት ውስጥ ይሠራል። ጎኑ ቀጥ ያለ ግልጽ ማሰሮ ውስጥ እርጥቡን አሸዋ ሳይጠቀጥቁ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መሙላት፣ ውሃ አፍስሶ ማማሰል፣ እስኪረጋ መጠበቅና እንደገና መለካት። 16 ላይ ቢረጋ እብጠቱ ስንት በመቶ ነው?

ቅዳሜ ለልጆቹ ይህንኑ ሠራሁላቸው። የጎደለው 4 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ላይ ሁሉም ተስማሙ፤ መቶኛው ላይ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ 4ን ለ20 አካፍለው 20 በመቶ፣ ግማሾቹ ለ16 አካፍለው 25 በመቶ አሉ። የአሸዋው ትክክለኛ ልክ 16 ስለሆነና ያበጠው ከእሱ ተነስቶ ስለሆነ መልሱ 25 ነው። መቶኛ ከምን ላይ እንደሚታሰብ አለመጠየቅ በትምህርት ቤት ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ማሰሮው ፊት ለፊታቸው ሲቀመጥ ግን ሙግቱን ራሳቸው ጨረሱት።

15ኛ ምላሽ። በቀን ሠራተኝነት ጀምራ ዛሬ ዲፕሎማ የያዘች እህት ናት። አርማታ ሲቦካ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር ትሸከም ነበር። 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ይዘት አለው። ሳጥኑ 50 በ40 በ20 ከሆነ 40 ሊትር ይይዛል፤ እንግዲህ 1 ለ2 ለ3 የተባለው ጥምርታ በእውነቱ 1 ለ2.3 ለ3.4 ሆኖ ሲሚንቶው ይሳሳል። ቁመቱ 18 የሆነ ሳጥን ግን 36 ሊትር ስለሚይዝ ጥምርታውን ይጠብቃል። ሳጥኑ ለምን 18 እንደሚሆን በሥራ ላይ ሳለች የነገራት አልነበረም፤ ክፍል ገብታ ነው የደረሰችበት።

ውሃውንም አነሳች። የውሃና የሲሚንቶ ጥምርታ 0.5 ይሁን ከተባለ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አንድና ሩብ ነው። ሠራተኛው እንዲቀልለት ሁለት ጀሪካን ሲጨምር አርማታው ጥንካሬውን ያጣል፤ አሜሪካዊው የአርማታ ተመራማሪ አብራምስ ይህንኑ ግንኙነት በ1918 እ.ኤ.አ. በሙከራ አሳይቶታል። የ14ኛውን ምላሽ ጠቅሳም አሸዋው ራሱ የያዘው ውሃ ከ25 ሊትሩ ላይ መቀነስ እንዳለበት አስታወሰችን። በጀርባዋ የተሸከመችውን ነገር በቁጥር ስታስረዳ ማንበብ ልብ ይነካል።

16ኛ ምላሽ። ስለ ፌሮ ነው። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ለ162 ማካፈል፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ግራም ይወጣል። ባለ 12ቱ 0.889 ነው፤ 12 ሜትሩ ቤርጋ (አንድ ሙሉ ዘንግ) 10.67 ኪሎ ግራም መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ብቻ ከመዘነ ውፍረቱ 12 ሳይሆን 11 ገደማ ነው። ከ12 ወደ 11 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ ብረቱ ግን በ16 በመቶ ይቀንሳል፣ ስፋት የሚያድገው በውፍረቱ ስኩዌር ነውና።

ስታፋም (የምሰሶውን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረው ብረት) በዚያው ቀረበ። 30 በ30 ለሆነ ምሰሶ፣ በየጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ሲተው፣ የስታፋው ዙሪያ 1 ሜትር ነው፤ ለሁለቱ መንጠቆዎች 20 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 1.20። ከ12 ሜትር ቤርጋ በትክክል 10 ይወጣል። ቆራጩ ሳይጠነቀቅ 1.25 ቢያደርገው 9 ብቻ ወጥቶ 75 ሴንቲ ሜትር ይጣላል፤ ለ100 ስታፋ 10 ቤርጋ ይበቃ የነበረው 12 ይሆናል።

17ኛ ምላሽ። ጠንካራው ተቃውሞ ከዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ መጣ። 162ን መሸምደድ ሒሳብ አይደለም፤ እንዲህ የሚማር ልጅ ጥሩ ፎርማን ይሆን ይሆናል፣ ማሰብን ግን አይማርም ሲል ጻፈ። የዋናዎቹ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ እንደ 2፣ 3፣ 5 ያሉት) ብዛት ማለቂያ እንደሌለው ማወቅ ምን ብሎኬት ይገዛል ብሎም ጠየቀ።

18ኛ ምላሽ። መምህርቷ ረጋ ብላ መለሰች። ዋናዎቹ ቁጥሮች ምንም እንደማይገዙና ለዚያም ሲባል መማር እንዳለባቸው ተስማማች። ከዚያ 162ን ፈታችው። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ፊቱ ፓይ ለ4፣ 0.785 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን አባዝቶ ለአንድ ሚሊዮን ሲያካፍሉ 0.00617 ኪሎ ግራም ይመጣል፤ የዚህ ግልባጭ 162 ነው። ቁጥሩን የሚሸመድድና ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ልጅ አንድ አይደሉም፤ ግንባታ ቦታውም ጥያቄውን ያነሳል እንጂ አይከለክልም። እኔም አቋሜ ይኸው ነው፤ ሥራውን አሳይቶ ለምን የሚለውን የሚዘል አስጠኚ ግማሹን ብቻ ነው ያስተማረው።

19ኛ ምላሽ። አንድ አዛውንት አባታቸው ጎጆ ሲሠሩ ያዩትን ጻፉልን። መሐል ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረው ክቡን ያሰምራሉ። በዚያው ገመድ፣ ሳያሳጥሩና ሳያስረዝሙ፣ በክቡ ጠርዝ ላይ እየዘለሉ ምልክት ሲያደርጉ በስድስተኛው የተነሱበት ላይ ይደርሳሉ፤ ዋና ዋናዎቹ የግድግዳ እንጨቶች የሚተከሉት እዚያ ነው። ልኩ በክንድ ስለነበረና የሰው ክንድ ስለሚለያይ አንድ ቤት ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በአንድ ሰው ክንድ ብቻ ይለካ እንደነበርም አስታወሱ። የ9ኛ ክፍሉ ተማሪ ስድስት ለምን እንደሚሆን ጠይቆ መምህርቷ ስድስት እኩል ጎን ያላቸውን ሦስት ማዕዘኖች አስረዳችው።

20ኛ ምላሽ። የአሸዋዋ እናት ተመለሰች። ቤቱ 8 ሜትር ስፋት አለው፤ ጣሪያው መሐል ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከግድግዳው ውጭ በተዳፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ፣ 20 ሴንቲ ሜትር መደራረቢያ። ለአንድ ረድፍ ስንት ይገባል?

21ኛ ምላሽ። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ 4ን እና 0.90ን ስኩዌር አድርጎ ደምሮ 16.81 አገኘ፤ ስኩዌር ሩቱ በትክክል 4.10። ከ60 ሴንቲ ሜትሩ ጋር 4.70። ሁለት ቆርቆሮ 3.80 ብቻ ስለሚሸፍን ሦስት ያስፈልጋል፤ ከሦስተኛው 1.10 ተቆርጦ 90 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል።

22ኛ ምላሽ። ግንበኛው ያችን 90 አልወደዷትም። የሚወጣው ክፍል ከ60 ወደ 50 ቢወርድ ከሦስተኛው ቆርቆሮ የሚፈለገው በትክክል 1 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ ቆርቆሮ ለሁለት ረድፍ ይደርሳል። ለ30 ረድፍ 90 ይገዛ የነበረው 75 ይበቃል።

23ኛ ምላሽ። መሐንዲሱ ስሌቱን አጽድቆ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ጣሪያ የክረምቱን ዝናብ ከግድግዳው ላይ መመለስ መቻሉን ግን ተጠራጠረ፤ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣና ግድግዳው ልስን እንዳለው ጠየቃት። መልሷን እየጠበቅን ነው።